የሳካሞቶ «ኤሲንክ»፦ ሃያስያኑ የሰሙት አልበሙን ነው ወይስ ሕመሙን?

ጆሮ_ጠቢ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ከርዕሱ እንደምታዩት ነገር ፍለጋ ነው የመጣሁት።

ሰሞኑን የጃፓናዊውን አቀናባሪና ፒያኖ ተጫዋች የሪዩቺ ሳካሞቶን «ኤሲንክ» ደጋግሜ እየሰማሁ ነው። በ2017 የወጣውን አልበም ማለቴ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጎን ለጎን ደግሞ ያኔ የተጻፉትን ሂሶች እየፈለግሁ አነባለሁ። ምስጋናው በሽ ነው። የሚነቅፍ ጥቂት ነው። ምስጋናው ይገባዋል፤ እሱ ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ ምስጋናው ከሚነሳበት ቦታ ጋር ነው።

አብዛኛው ጽሑፍ የሚጀምረው ከሆስፒታል ነው። 2014 ላይ የጉሮሮ ካንሰር እንዳለበት ተነገረው፣ ሥራውን አቆመ፣ ታከመ፣ ተመለሰ፣ ይህን አልበም ሠራ። እሺ፣ እውነት ነው። ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድምፅ ሁሉ በዚያው በር ብቻ ይገባል። ፒያኖው ሲሳሳ ሞት ነው። ኦርጋኑ ሲገባ ሞት ነው። ሰው ቅጠል እየረገጠ ሲራመድ እሱም ሞት ነው። ኧረ በሕግ!

እኔ የምለው ይህን ነው። «ኤሲንክ» አንድ ጥርት ያለ የሙዚቃ ጥያቄ ይዞ የተነሳ ሥራ ነው። ድምፆች የጋራ ምት ሳይኖራቸው፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፍጥነት እየሄዱ አብረው መኖር ይችላሉ ወይ? ሰውዬው ራሱ በየቃለ መጠይቁ የተናገረው ይህንን ነው። ሙዚቃ ሁሉ ምት ለመግጠም ነው የሚሮጠው፤ እሱ የፈለገው የማይገጥመውን ነበር። ሃያስያኑ ይህን በአንድ መስመር ይነኩትና ወደ ካንሰሩ ይመለሳሉ።

የታመመ ሰው የሠራውን እንደ ሙዚቃ መስማት ነውር ነው እንዴ? እስቲ ንገሩኝ።

የማታ_ፈረቃ

ጆሮ ጠቢ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ ይላል። ግን አንድ ትራክ ዘለልክ። «ፉልሙን»ን።

እዚያ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ የፖል ቦውልስ ነው፤ «ዘ ሼልተሪንግ ስካይ» ከተባለው ልብ ወለዱ የተወሰደ። ሐሳቡ ባጭሩ፦ መቼ እንደምንሞት ስለማናውቅ ሕይወት የማይነጥፍ ምንጭ ትመስለናለች፤ ለመሆኑ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ከእንግዲህ ስንት ጊዜ እናያለን? በርቶሉቺ ልብ ወለዱን በ1990 ፊልም ሲያደርገው ማጀቢያውን የሠራው ሳካሞቶ ነው። ቦውልስ ራሱ ፊልሙ ውስጥ ቀርቦ ያንን ክፍል ያነበዋል። ሳካሞቶ ከ27 ዓመት በኋላ ያንን ድምፅ መልሶ አልበሙ መሃል ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ሌሎች ሰዎች በየቋንቋቸው እየተቀባበሉ ያነቡታል።

ይህን ያደረገ ሰው ስለ ሞት አታንሱብኝ እያለ ነው? በሩን የከፈተው እሱ ነው። ሃያስያኑ የገቡት በተከፈተ በር ነው።

ክርክር_አልወድም

እዚህ ክር ውስጥ ላለመግባት ታግዬ ነበር። አልተሳካም።

ሁለታችሁም ያላነሳችሁት ነገር አለ። አልበሙ ከዳር እስከ ዳር እኩል አይደለም። «አንዳታ» ድንቅ ነው። «ሶላሪ» ድንቅ ነው። «ፉልሙን» ግን፣ ይቅርታ አድርጊልኝ የማታ ፈረቃ፣ ሐሳቡ ከባድ፣ አሠራሩ ቀላል ነው። ጥሩ ጽሑፍ አንዴ ይነበባል፣ አንጀት ይበላል፣ በቃ። ከዚያ በሌላ ቋንቋ፣ ደግሞ በሌላ ቋንቋ፣ ደግሞ በሌላ... የአውሮፕላን ማረፊያ ማስታወቂያ ይሆንብኛል።

በወቅቱ ይህን የጻፈ ስንት ሰው ነው? እምብዛም። ከካንሰር በተነሳ የ65 ዓመት ሰው ላይ ማን ይጨክናል! ስለዚህ የጆሮ ጠቢ ቅሬታ ግማሹ ብቻ ነው። ሕመሙ የሃያስያኑን ጆሮ ብቻ አልያዘም፤ አፋቸውንም ይዟል። የወጣው የዘመድ ምስጋና ነው እንጂ ሂስ አይደለም።

ጋሽ_ካሴት

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እኔ ይህን ሰው የምከተለው ከካሴት ዘመን ጀምሮ ስለሆነ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ።

ያኔ የተጻፉትን ሳነብ ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጸሐፊ ሳካሞቶን የሚያውቀው በፊልም ሙዚቃ ነው። በ1983 «ሜሪ ክሪስማስ ሚስተር ሎውረንስ»፣ በ1987 «ዘ ላስት ኢምፐረር»። ለሁለተኛው ከዴቪድ በርን እና ከኮንግ ሱ ጋር ኦስካር ወስዷል። ስለዚህ ያ ባለ ዜማ ሰውዬ ታሞ ሲነሳ ድንገት ሙከራ ውስጥ የገባ አስመሰሉት። ከየት አመጡት?

በ1978 ከሃሩኦሚ ሆሶኖ እና ከዩኪሂሮ ታካሃሺ ጋር «የሎው ማጂክ ኦርኬስትራ» የተባለውን ባንድ ሲያቋቁም ሲንተሳይዘርና ኮምፒውተር ታቅፎ ነው። በ1980 «ቢ ቱ ዩኒት» የሚባል አልበም አወጣ። እዚያ ላይ «ራዮት ኢን ሌጎስ»ን ስሙት። ትናንት ማታ የተሠራ ይመስላችኋል። በ2002 ከጀርመናዊው አልቫ ኖቶ ጋር «ቭሪዩን»ን ሠራ፤ ፒያኖው በአንድ ወገን፣ የኮምፒውተሩ ጠቅታ በሌላ ወገን። በ2007 ከፌኔስ ጋር «ሴንድር»ን። በ2009 «አውት ኦፍ ኖይዝ» ላይ ከግሪንላንድ የቀዳውን የውሃና የበረዶ ድምፅ አስገባ። «ኤሲንክ» የመጣው ከዚያ ስምንት ዓመት ቆይቶ ነው።

ሙከራው ከካንሰሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይቀድማል። ይህን ያላወቀ ሃያሲ አልበሙን ከሕመሙ ሌላ በምን ሊያስረዳ ይችላል? የያዘው ታሪክ እሱ ብቻ ነው። ሰውዬውም አልረዳቸውም። ጃፓን ውስጥ ከመውጣቱ በፊት አንድ ትራክ እንኳ አላስደመጠም። በጣም ስለወደድኩት ለማንም ማሰማት አልፈልግም እስከማለት ደርሶ ነበር።

ሞጁላር_ሰው

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። እርስዎ ሲጽፉ እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ግን ስለ አሠራሩ የሚናገር ሰው ስለጠፋ ትንሽ ልጨምር።

በምት መለያየትን ሳካሞቶ አልፈጠረውም። አሜሪካዊው አቀናባሪ ስቲቭ ራይክ በ1967 የሠራውን «ፒያኖ ፌዝ» ውሰዱ። ሁለት ፒያኖዎች አንድ ዓይነት ሐረግ ይጀምራሉ። አንዱ ቀስ እያለ ይፈጥናል። ይለያያሉ፣ ኋላ ተመልሰው ይገናኛሉ። እዚያ መለያየቱ ሥርዓት አለው፤ መገናኛውም የታወቀ ነው። «ኤሲንክ» ላይ መገናኛ የለም። የአልበሙን ስም የያዘውን ትራክ ስሙ። የአውታር መሣሪያዎች በጣት እየተነቀሉ፣ ሁሉም ለየብቻው ይሮጣል። ማንም ማንንም አይጠብቅም። «ትራይ» ደግሞ የትራይአንግል ነው። ያቺ ኦርኬስትራው ኋላ ተቀምጣ አንዴ ተመትታ የምትረሳው ብረት ሙሉ ሥራ ተሰጥቷታል።

የድምፅ ምንጮቹም እንዲሁ ናቸው። የቀራጺው የሃሪ በርቶያ የብረት ቅርጾች አሉ፤ ረጃጅም ዘንጎች፣ ሲነኩ እርስ በርስ እየተጋጩ ለረጅም ጊዜ ይጮኻሉ። በደጋን የሚታሸት ሲምባል አለ። «ሆንጅ» ላይ ሻሚሰን የሚባለው የጃፓን ባለ ሦስት አውታር መሣሪያ አለ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ድምፃቸው መቼ እንደሚያልቅ ተጫዋቹ የማያዝባቸው ነገሮች ናቸው። ያጋጣሚ ምርጫ አይመስለኝም።

ከሂሶቹ የማልቀበለው አንድ ነገር ቢኖር አልበሙን አምቢየንት ብሎ ማለፍን ነው። አምቢየንት ከበስተጀርባ አስቀምጠህ ሥራህን ትሠራለህ። ይህን ከበስተጀርባ ብታስቀምጠው ይረብሽሃል። ጆሮ ምት ይፈልጋል፤ ሲያጣ ይቁነጠነጣል። አልበሙ የተሠራው ለዚያ መቁነጥነጥ ነው። ደግሞ ሰውዬው የበስተጀርባ ሙዚቃን ቀልድ አያደርገውም ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ የሚወደው የጃፓን ምግብ ቤት የሚያሰማው ሙዚቃ ቢያስቀይመው፣ ለሼፉ ጽፎ የሚከፈቱትን ዘፈኖች ዝርዝር ራሱ አሰናድቶ ሰጥቷል። 2018 ላይ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ብዙ ሰው የሳቀበት ወሬ ነው።

የማታ_ፈረቃ

*ክርክር_አልወድም፦ «የአውሮፕላን ማረፊያ ማስታወቂያ ይሆንብኛል»*

ሳቅሁ፤ አልዋሽም። ግን እስከ መጨረሻው ሰምተኸዋል? መጨረሻ ላይ በጣሊያንኛ የሚያነበው በርቶሉቺ ነው። ፊልሙን የሠራው ሰውዬ ራሱ።

አስበው እንግዲህ። ቦውልስ የሞተው በ1999 ነው። ትራኩ በሞተ ሰው ድምፅ ይጀምርና በሕይወት ባለ ወዳጅ ድምፅ ያልቅ ነበር። በርቶሉቺ በ2018 አረፈ። ሳካሞቶ በ2023። ዛሬ ስንሰማው ሦስቱም የሉም። 2017 ላይ የጻፈ ሃያሲ ይህን ሊጽፍ አይችልም ነበር፤ ጊዜ ነው የጨመረበት።

ስለ ቋንቋው መደጋገም ደግሞ፦ ጽሑፉን አንዴ ከሰማህ በኋላ በማታውቀው ቋንቋ ሲመጣ ትርጉሙን መከታተል ትተዋለህ። የቀረህ ትንፋሹ ነው፣ ዕድሜው ነው፣ የድምፁ ሻካራነት ነው። እያንዳንዱ አንባቢ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ጽሑፉ አንድ፣ ምቱ ለየብቻ። ሞጁላር ሰው ስለ «ትራይ» ያለው እዚህም አለ፤ በብረት ፈንታ ሰው ሆነ እንጂ።

ስለዚህ ጆሮ ጠቢ፣ አንተ የለየሃቸው ሁለት ነገሮች አይለያዩም። ምት አለመጋራትና መሞት እዚህ አልበም ላይ አንድ ጉዳይ ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱም በየተራ ያልቃል። ሃያስያኑን የምወቅሳቸው ሞትን ስላነሱ አይደለም። ሞትን ከሙዚቃው ውስጥ ሳይሆን ከሰውዬው የሕክምና ታሪክ ስላነሱት ነው።

ክርክር_አልወድም

ማብራሪያሽ ከትራኩ ይበልጣል። ይህን እንደ ምስጋና ውሰጂልኝ።

ነጠላ_ኖታ

ፒያኖ አስተምራለሁ፤ ስለዚህ በፒያኖው ወገን ልናገር።

«ዙሬ» ላይ የሚሰማው ፒያኖ በ2011 የጃፓን ሱናሚ ሰምጦ የተረፈ ነው። ሚያጊ ግዛት ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ነበር። ሳካሞቶ ሄዶ ነካካው። «ኮዳ» በተባለው ዘጋቢ ፊልም ላይ ያንን ፒያኖ ሲጫወት የሰመጠ ፒያኖ አስከሬን የነካ ያህል እንደተሰማው ይናገራል። ሃያስያኑ እዚህች ጋ ደርሰው ቆሙ። አስከሬን የሚለው ቃል ተመቻቸው።

ሰውዬው ግን አልቆመም። በዚያው ፊልም ላይ ሐሳቡን ይቀጥላል። ፒያኖ ማለት በፋብሪካ ጉልበት ተጎንብሶ ቅርጽ የያዘ እንጨት ነው። አውታሮቹ በብዙ ቶን ኃይል ተወጥረዋል። ቅኝቱ ወረደ ብለን መቃኛ የምናስጠራው እንጨቱና ብረቱ ወደ ተፈጥሯቸው ለመመለስ ሲታገሉ ነው። ሱናሚው በአንዴ መለሳቸው። ስለዚህ ኋላ ላይ ያንን ፒያኖ ተፈጥሮ እንደገና የቃኘችው መሣሪያ አድርጎ ነው የወሰደው፤ ድምፁንም ወደደው። ይህ ከአስከሬን ታሪክ ጋር አንድ ነው? በፍጹም። ቅኝት ራሱ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሐሳብ ነው። ተማሪዎቼን ሳሰቃይ የኖርኩበትን ነገር ነው የነካብኝ።

ሁለተኛው ነገር ስለ «አንዳታ» ነው። የፒያኖ ድምፅ ይከስማል። ትመታዋለህ፣ ይጮኻል፣ ያንሳል፣ ይጠፋል። ተጫዋቹ የቱንም ያህል ቢጎብዝ ያንን ድምፅ መልሶ ማሳደግ አይችልም። ሳካሞቶ ፊልሙ ላይ የማይከስም ድምፅ እንደሚናፍቅ ይናገራል። «አንዳታ» ላይ ዜማው መጀመሪያ በፒያኖ ይመጣል፤ ራቁቱን፣ ትንሽ ጭጋግ ያለበት። ከዚያ ያው ዜማ በኦርጋን ይመለሳል። ኦርጋን ደግሞ ጣት እስኪነሳ ድረስ አይከስምም። ስለዚህ እኔ የምሰማው ቀብር አይደለም፤ ፒያኖ ተጫዋች ዕድሜ ልኩን የተመኘውን ነገር አንዴ ሲያገኘው ነው።

በእርግጥ ባኽ አለበት። ሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ታርኮቭስኪ በ1972 «ሶላሪስ» ላይ የባኽን የኦርጋን ኮራል (በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ዜማ ላይ የተሠራ ሙዚቃ) ተጠቅሟል። ሳካሞቶ ያንን ኮራል ወድዶ የራሴን ልጻፍ ብሎ ነው የተነሳው።

ጆሮ_ጠቢ

ነጠላ ኖታ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ የፈለግሁት ሂስ እንዲህ ያለውን ነው።

ታርኮቭስኪን ካነሳሽ አይቀር፣ የሃያስያኑ ሁለተኛ ምርኩዝ እሱ ነው። ሳካሞቶ አልበሙን ስሠራ ታርኮቭስኪ ላልሠራው ፊልም ማጀቢያ እየሠራሁ ነው ብዬ አሰብኩ አለ። በቃ፣ ሁሉም «ፊልማዊ» ብሎ ጻፈ። ፊልማዊ ማለት ምንድን ነው? ታርኮቭስኪ ፊልም ላይ የሚሰማው ውሃ ነው፣ ዝናብ ነው፣ የእግር ኮቴ ነው። ሳካሞቶን የማረከው ይህ ነው፤ ድምፆቹ ምስሉን ከማጀብ አልፈው ሙዚቃ መሆናቸው። «ዎከር» ላይ ያ የቅጠል ኮቴ ከዚያ ነው የመጣው። «ላይፍ ላይፍ» ላይ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ሲልቪያን የሚያነበው ግጥም የታርኮቭስኪ አባት የአርሴኒ ነው። አንድሬ ራሱ «መስታወት» ላይ የአባቱን ግጥሞች አስነብቧል። ሳካሞቶም ሲልቪያንን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያውቀዋል፤ «ፎርቢድን ከለርስ» የሚለውን ዘፈን በ1983 አብረው ሠርተዋል። ይህ ሁሉ በ«ፊልማዊ» ተጠቅልሎ ቀረ።

የማታ ፈረቃ፣ የአንቺን ነጥብ እያኘክሁት ነው። ግን አሁንም ሕመሙን ሳያውቅ የሰማ ሰው ያንን ይሰማል ወይ የሚለው ጥያቄዬ አልተመለሰም።

የማታ_ፈረቃ

ማኘክህ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ ከሕመሙ በፊት ለዚህ አልበም የጀማመራቸውን ንድፎች ሁሉ ጥሎ ነው ከዜሮ የተነሳው። ካንሰሩ ምንም አልለወጠም የምትል ከሆነ ይህን የት ታደርገዋለህ?

ጆሮ_ጠቢ

የጀመረውን የሚጥል አቀናባሪ ሞልቷል። ጤነኞቹም ይጥላሉ።

ክርክር_አልወድም

አይ ጆሮ ጠቢ! እዚህ ላይ እንኳን እጅ ስጥ እንጂ።

አወያይ

ውይይቱ ጥሩ እየሄደ ነው፤ እንዲሁ ቀጥሉ። የተሰረቀ ፋይል ማውረጃ ሊንክ የለጠፋችሁ ግን፣ አንስቻለሁ። ደግማችሁ አትለጥፉ።

አዲስ_ገባሁ

ሰላም። ይህን ሰውዬ ከነጭራሹ አላውቀውም ነበር፤ ክሩ ረዝሞ ሳየው ነው የገባሁት። ከየት ልጀምር? ደግሞ ዜማ ያለው ቢሆን ደስ ይለኛል።

ነጠላ_ኖታ

«አንዳታ»፣ ከዚያ «ሶላሪ»፣ ከዚያ «ኡቢ»። ሦስቱን ከወደድክ ከመጀመሪያው ጀምረህ 14ቱንም በተርታ ስማ። ካልወደድክ «ዘ ላስት ኢምፐረር»ን ስማና ታረቁ።

ክርክር_አልወድም

በ«ዲስኢንተግሬሽን» እንዳትጀምር ብቻ። ፒያኖው ሆድ ዕቃ ውስጥ ገብቶ አውታር መቧጠጥ ነው። እኔ እወደዋለሁ፤ አንተ ግን ትሸሻለህ።

ሞጁላር_ሰው

ስለ ሂስ እያወራን አንድ ትልቅ ሂስ ረስተናል። «ኤሲንክ ሪሞደልስ»ን።

አልበሙ በወጣ በዓመቱ ገደማ የሌሎች ሙዚቀኞች የሪሚክስ ስብስብ ወጣ። እነማን ናቸው? ዋንኦትሪክስ ፖይንት ኔቨር፣ አርካ፣ አልቫ ኖቶ፣ ፌኔስ፣ ኮርኔሊየስ፣ ኢቭ ቱሞር፣ አንዲ ስቶት፣ ዮሃን ዮሃንሰን። ግማሾቹ የሎው ማጂክ ኦርኬስትራ ሲቋቋም አልተወለዱም። እነዚህ ሰዎች ስለ አልበሙ ድርሰት አልጻፉም፤ ከፋፍተው አዩት። ማን የቱን እንደመረጠና ምን እንደተወ ብቻ ብታዩ ብዙ ትማራላችሁ። ዋንኦትሪክስ ፖይንት ኔቨር «አንዳታ»ን ነው የያዘው፤ አርካ ደግሞ የአልበሙን ስም የያዘውን ትራክ። ዜማውን የፈለገ ዜማውን ወሰደ፣ ግጭቱን የፈለገ ግጭቱን።

ለእኔ 2017 ላይ ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ አልበሙን የሰማው ይህ ስብስብ ነው። ሙዚቀኛ ሙዚቀኛን ሲያነብ የሕክምና ካርድ አይጠይቅም።

የሚያሳዝነው ዮሃንሰን ነው። ስብስቡ በዓለም ገበያ ሲወጣ፣ በዚያው ወር በፌብሩዋሪ 2018 አረፈ። ገና 48 ዓመቱ ነበር።

ጋሽ_ካሴት

ሞጁላር፣ ይህ ጥሩ ነጥብ ነው።

እኔ ወደ ሂሱ ልመለስ። አንድ ሰው ሲያረጅ የሚሠራውን ሥራ በተመለከተ ሁለት ዓይነት አንባቢ አለ። አንደኛው በስተርጅና የተሠራ ነገር ሁሉ የሰከነ፣ የታረቀ፣ የበሰለ ነው ብሎ ያምናል። ሌላው ጀርመናዊው ፈላስፋ አዶርኖ ነው፤ ስለ ቤትሆቨን የመጨረሻ ሥራዎች ሲጽፍ እነዚህ ያልታረቁ፣ የተሰነጣጠቁ ናቸው አለ። ሃያሲው ኤድዋርድ ሰዒድ ያንን ሐሳብ አነሳና ሰፋ አድርጎ ጻፈበት። መጽሐፉ የወጣው እሱ በ2003 ከሞተ በኋላ፣ በ2006 ነው። ሰዒድ የወደደው በዕድሜ ማብቂያ ላይ እንቢ የሚለውን አርቲስት ነበር።

የ2017 ሂሶች «ኤሲንክ»ን ከመጀመሪያው ሳጥን ከተቱት። ሰላም፣ እርጋታ፣ ስንብት፣ ማሰላሰል። በእርግጥ ጸጥ ያለ ነው። ግን ጸጥታና እርቅ አንድ አይደሉም። ክርክር አልወድም እኩል አይደለም ያለውን እኔም እስማማበታለሁ፤ ልዩነታችን እኔ እንደ ጉድለት አለመቁጠሬ ነው። ከዜማው ወደ ጩኸቱ፣ ከኦርጋኑ ወደ ኮቴው ሲሄድ ድልድይ አይሠራልህም። ይጥልሃል። ከኦስካር በኋላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ያንን የፊልም ዜማ አምጣ ሲለው የኖረ ሰው፣ ዜማውን በመጀመሪያው ትራክ ላይ ሰጥቶህ ከዚያ ይወስድብሃል። ይህ ስንብት አይደለም፤ እልህ ነው።

ክርክር_አልወድም

ጋሼ፣ እርስዎ ሲጽፉት አልበሙን ልወደው ምንም አልቀረኝ። እልህ የሚለውን ግን ገዝቻለሁ።

ይልቅስ የጆሮ ጠቢ ክስ በደንብ የሚሠራው ሳካሞቶ ከመሞቱ በፊት ባወጣው «12» በተባለው አልበም ላይ ነው። አስቡት። አልበሙ የወጣው ጃንዋሪ 17 ቀን 2023 ነው፤ 71ኛ ልደቱ ቀን። ታካሃሺ ከዚያ በፊት በዚያው ሳምንት አካባቢ ሞቷል። ሳካሞቶ ሁለተኛ ካንሰር እንደያዘው 2021 ላይ ራሱ ተናግሯል። አልበሙ ከወጣ በአሥረኛው ሳምንት፣ ማርች 28፣ እሱም አረፈ። ትራኮቹ ስም የላቸውም ማለት ይቻላል፤ የተቀዱበት ቀን ነው የተጻፈባቸው። ትንፋሹ ቀረጻው ላይ ይሰማል። በዚህ ሁኔታ ሂስ የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው ሂስ ነው ወይስ የሐዘን መግለጫ? «ዜማው ደካማ ነው» ብሎ መጻፍ ይቻላል? አይቻልም። ስለዚህ ያኔ የተጻፈውን ምስጋና አላምነውም፤ ምስጋናው ልክ ቢሆን እንኳ።

ነጠላ_ኖታ

ምስጋናውን አትመን፤ ድምፁን ግን ስማ። ትንፋሹ የሚሰማው ስለታመመ ብቻ አይደለም። ማይክሮፎኑ ቅርብ ስለተቀመጠ ነው። የፔዳሉ ድምፅ ይሰማል፣ የእንጨቱ መንቋቋት ይሰማል። ስቱዲዮ ውስጥ ይህን የሚያጸዳ ሰው አይጠፋም ነበር። አላጸዱትም። ውሳኔ ነው። ውሳኔ ከሆነ ደግሞ ሂስ ሊያነሳው ይገባል፦ ትንፋሹ ከኖታው ጋር በምት ይገጥማል? አይገጥምም። ኖታው በራሱ ይሄዳል፣ ሳንባው በራሱ ይሄዳል። «ኤሲንክ» ያነሳው ጥያቄ እዚህ አንድ ሰው ውስጥ ገባ።

ሌላም ልጨምር። ትራኮቹ በቀን ቅደም ተከተል ነው የሚሄዱት፤ ከመጨረሻው በስተቀር። የመጨረሻው የማርች 4 ቀን 2022 ነው፤ ከኤፕሪሉ በኋላ ተቀምጧል። ፒያኖ የለበትም፣ የሚንሿሿ ትንንሽ ደወል መሰል ድምፅ ነው፣ አጭር። የማስታወሻ ደብተር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀኑን አያዛባም ነበር። አቀናብሮታል። ደብተር ነው ብለው የጻፉ ሁሉ ይህን ቢያዩ ጥሩ ነበር።

ጆሮ_ጠቢ

የመጨረሻውን ትራክ ቀን ልብ ያለ አንድም ጽሑፍ እኔ አላነበብኩም። ካለ አምጡልኝ፤ የምሬን ነው።

የማታ_ፈረቃ

እኔም አልገጠመኝም። ግን ክርክር አልወድም፣ ምስጋናውን አላምነውም ካልክ ለሁሉም የታመመ አርቲስት ይሠራል ማለት ነው። ያኔ ማንንም ማመስገን አይቻልም። ሃያሲው ሊያደርግ የሚችለው ነጠላ ኖታ ያደረገችውን ነው፤ የሰማውን ነገር ቦታውን ጠቁሞ ማሳየት። ከዚያ አንተ ሄደህ ትፈትሻለህ። ሐዘኑ አብሮ ቢመጣ ምን ቸገረህ?

ክርክር_አልወድም

አልቸገረኝም። ቦታውን የጠቆመ ግን እዚህ ክር ላይ ነው ያገኘሁት፤ የሚከፈልበት መጽሔት ላይ አይደለም።

አዲስ_ገባሁ

ተመልሻለሁ። ሙሉውን ሰማሁት። «ኡቢ»ን በጣም ወደድኩት፤ ያቺ ሳትቋረጥ የምትጮኸው ቀጭን ድምፅ አለቀቀችኝም። «ዎከር» ላይ ምንም ሙዚቃ ሳይኖር ሙዚቃ አለ። «ፉልሙን» ከበደኝ፤ ግን በጣሊያንኛ የሚያነበው ሰው ሲመጣ ዝም ብዬ ሰማሁ። ሞት ሞት አልሸተተኝም። ሰውዬው ነገር የሚፈታታ ልጅ ነው የመሰለኝ። ጆሮ ጠቢ፣ ያንተ ወገን ነኝ መሰለኝ።

የማታ_ፈረቃ

ይህን ሁሉ ክር አንብበህ ነው የሰማኸው! ምስክርነትህ አይቆጠርም። :) በጣሊያንኛ የሚያነበው ላይ ዝም ያልከው ማን እንደሆነ ስለነገርኩህ ነው።

ጆሮ_ጠቢ

ይቆጠራል! መዝግቡልኝ።

ሞጁላር_ሰው

አዲስ ገባሁ፣ በምን ሰማኸው? በስልክ ከሆነ ግማሹን አልሰማኸውም። በሄድፎንም ቢሆን ይጎድላል። ሳካሞቶ በ2017 ቶኪዮ ዋታሪ ሙዚየም ውስጥ አልበሙን እንደ ኤግዚቢሽን አቅርቦት ነበር፤ ድምፁ በተለያዩ ስፒከሮች ክፍሉን እንዲሞላ አድርጎ። ኒው ዮርክም ፓርክ አቬኑ አርመሪ ላይ ሲጫወተው ጥቂት ሰው ብቻ ነው የገባው፤ በፊልም ተቀርጿል፣ ፈልገህ እየው። ሁለት ስፒከር ካለህ አራርቀህ አስቀምጣቸውና «ትራይ»ን ክፈት። ከዚያ መጥተህ ንገረን፤ ያኔ የማን ወገን እንደሆንክ እናያለን።

አዲስ_ገባሁ

በስልክ ነው የሰማሁት። ስፒከር ተበድሬ እመጣለሁ።